እማሆይ ገላነሽ ዛሬ ለምዝገባ ቢመጡ

ባለፈው ክፍለ ዘመን ጎጃም ውስጥ፣ ጽላሎ በሚባል አገር፣ አንዲት ዓይነ ስውር መነኩሲት ቅኔ ያስተምሩ ነበር። እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ይባላሉ። አባታቸው የቅኔ መምህር ነበሩ፤ ልጃቸውን ራሳቸው አስተማሯቸው። ከአባታቸው በኋላ ጉባኤውን ይዘው የቀጠሉት እማሆይ ገላነሽ ናቸው። ዓይናቸው የሚያይ ወንድ ተማሪዎች ደበሎ ለብሰው፣ ቁራሽ ለምነው፣ እግራቸው ሥር ቁጭ ብለው ይማሩ ነበር።

ይህን ታሪክ ብዙ ጊዜ የምንሰማው እንደ ተአምር ነው። «ሴት ሆነው! ዓይነ ስውር ሆነው!» ሴትነታቸው በእርግጥ ያስገርማል፤ ቅኔ ቤት የወንድ ቤት ነበርና። ዓይነ ስውርነታቸው ግን ያን ያህል ሊያስገርመን አይገባም። በጎጃም የቤተ ክህነት ትምህርት ውስጥ ዓይነ ስውር ተማሪና ዓይነ ስውር መምህር ማየት እንግዳ ነገር አልነበረም።

እኔ የተማርኩት ምህንድስና ነው፤ የምሠራው ሶፍትዌር ነው። ያደግሁት ፍኖተ ሰላም አካባቢ ስለሆነ አንድ ጥያቄ አልለቅህ ብሎኛል። ዓይነ ስውር ሰው ተምሮ የመጨረሻው ደረጃ ድረስ በወጣበት፣ አልፎም መምህር በሆነበት አገር፣ ዛሬ የቡሬ ገጠር ዓይነ ስውር ልጅ ከስምንተኛ ክፍል በኋላ መቀጠል ለምን ይከብደዋል? ድህነት ነው እንዳንል ያኔም ድህነት ነበር፤ ተማሪው እኮ በልመና ነው የሚማረው። የሰው አመለካከት ነው እንዳንል ያኔም አካል ጉዳትን ከእርግማን የሚቆጥር ሞልቶ ነበር። ስለዚህ ሌላ ቦታ መፈለግ አለብን። እኔ የማየው መልስ ትምህርቱ በምን በኩል ይተላለፋል የሚለው ላይ ነው። በድምፅ ነው? በወረቀት ነው? በስክሪን ነው? እያንዳንዱ ዘመን የመረጠው መንገድ ማን እንደሚገባና ማን ደጅ እንደሚቀር አብሮ ወስኗል።

ቃል

ቅኔ ቤት ገብታችሁ ለማታውቁ ነገሩ እንዲህ ነው። የቤተ ክህነት ትምህርት ከፊደልና ከዳዊት ይጀምራል፤ ከዚያ ዜማ ቤት፣ ቅኔ ቤት፣ መጻሕፍት ቤት እያለ ይወጣል። ከንባቡ ጎን ለጎን «ቃል» የሚባል ትምህርት አለ። ማታ ማታ ተማሪው ጸሎቱን ከመምህሩ ወይም ከቀደመው ተማሪ አፍ እየተቀበለ በቃሉ ይይዛል። ጨለማ ውስጥ ስለሚጠና በዚያ ሰዓት የሚያይና የማያይ የሚባል ልዩነት የለም።

ቅኔ ቤት ሲደረስ ደግሞ ወረቀት ከናካቴው ይቀራል ማለት ይቻላል። መምህሩ ግሱንና አገባቡን በቃል ያወርዳሉ። ተማሪው ጥግ ይዞ ቅኔ ይቆጥራል፤ ማለትም በጭንቅላቱ ያዘጋጃል። ሁለት ቤት ካላት ጉባኤ ቃና ጀምሮ ቀስ በቀስ ስምንት ቤት ወዳለው መወድስ ይደርሳል። የቆጠረውን መምህሩ ፊት ቀርቦ ይናገራል፤ መምህሩ እየሰሙ ያርማሉ። ይህ ነገራ ይባላል። ገፋ ያለው ተማሪ አስነጋሪ ሆኖ ታናናሾቹን ያርማል። ትምህርቱ፣ የቤት ሥራው፣ ፈተናው፣ እርማቱ፣ ሁሉም ከአፍ ወደ ጆሮ ነው።

ልብ በሉ፣ ማንም ተነስቶ «ዓይነ ስውራንን እናካትት» አላለም። ፖሊሲ የለም፣ ኮሚቴ የለም፣ ልዩ ክፍል የለም። ትምህርቱ የተሠራበት መንገድ ዓይን ስለማይጠይቅ ብቻ ዓይነ ስውሩ ገባ። አራቱን የመጻሕፍት ትርጓሜ ዘርፎች አጠናቆ ለጨረሰ ሊቅ የሚሰጠው የክብር ስም ራሱ «አራት ዓይና» መሆኑ ይገርመኛል። ዓይን የሚቆጠረው በዕውቀት ነበር።

ግን ታሪኩን ማር አንቀባው። ያ ቤት የሚያደርሰው ወደ ቤተ ክርስቲያን አገልግሎት ብቻ ነው። ሴቶች በአብዛኛው አይገቡበትም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ዓይነ ስውሩን ያስገባው ድምፅ መስማት የተሳነውን ልጅ ሙሉ በሙሉ ዘግቶበታል። ከአፍ ወደ ጆሮ በሚሄድ ትምህርት ውስጥ ጆሮው የማይሰማ ልጅ ቦታ የለውም። ከጎጃም ቅኔ ቤቶች የወጡ ዓይነ ስውር መምህራንን ስም እንጠራለን፤ መስማት የተሳነው የቅኔ መምህር ስም ግን ሰምቼ አላውቅም። ሁለቱ ልጆች የአንድ መንደር ልጆች ሊሆኑ ይችላሉ። አንደኛው ሊቅ፣ ሌላኛው እረኛ ሆኖ ሲቀር ልዩነቱ ጭንቅላታቸው ውስጥ አልነበረም።

ወረቀት

ዘመናዊ ትምህርት ሲመጣ ጥቁር ሰሌዳና ጠመኔ፣ ደብተርና መጽሐፍ ይዞ መጣ። በአንድ ጊዜ ነገሩ ተገለበጠ። መስማት የተሳነው ልጅ ቢያንስ ሰሌዳው ላይ የተጻፈውን የማየት ዕድል አገኘ፤ ዓይነ ስውሩ ደግሞ ትናንት ያልነበረበት «መማር አለመቻል» ተፈጠረበት።

የዓይነ ስውራን ዘመናዊ ትምህርት በኢትዮጵያ ሲተረክ ብዙ ጊዜ እንደ መነሻ የሚጠቀሰው በ1917 ዓ.ም. ገደማ ሚሲዮናውያን ደምቢ ዶሎ ላይ የጀመሩት ነው። በንጉሡ ዘመን ሰበታ ላይ መርሐ ዕውራን ተከፈተ፤ ባኮና ሻሸመኔም አዳሪ ትምህርት ቤቶች ተቋቋሙ። ብዙ ሰው ያወጡ ቤቶች ናቸው። ግን ካርታው ላይ አስቀምጧቸውና ከፍኖተ ሰላም ተነሱ። አዲስ አበባ ለመድረስ ብቻ ዓባይ በረሃን ተሻግሮ ከ370 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ሻሸመኔ ከዚያም አልፎ ነው። ዓይነ ስውሩ ሕፃን ለመማር መጀመሪያ ከእናቱ መለየት ነበረበት።

ብሬል ራሱ እዚህ ሲደርስ አንድ የሚያስደስት ችግር ገጥሞታል፤ ለእኔ ቢጤ ቁጥር ወዳድ ማለቴ ነው። አንድ የብሬል ሕዋስ ስድስት ነጥብ አለው። ስድስት ነጥብ ከባዶው በቀር 63 ዓይነት ቅርጽ ይሰጣል። የእኛ ፊደል ደግሞ 33 ሲባዛ በ7፣ ማለትም 231 ነው፤ ዲቃሎቹን ሳንቆጥር። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ፊደል አንድ ሕዋስ መስጠት በፍጹም አይቻልም። የአማርኛ ብሬል መፍትሔ ፊደሉን መበተን ነው፤ ተነባቢው ለብቻ፣ አናባቢው ለብቻ ይጻፋል። የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ የጣት ፊደል ደግሞ ተመሳሳዩን ጥያቄ በሌላ መንገድ ፈታው፤ የእጁ ቅርጽ ተነባቢውን ይነግራል፣ የእጁ እንቅስቃሴ ደግሞ ግዕዝ ነው፣ ካዕብ ነው፣ ሣልስ ነው የሚለውን። እንዲህ ያለ ሥራ የሠሩ ሰዎች የመሐንዲስ ጭንቅላት ነበራቸው። ችግሩን ተማሪው ላይ ከመለጠፍ ይልቅ ፊደሉን አስተካከሉት።

በ1971 ዓ.ም. የተጀመረውን የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ወላጆቻችን በደንብ ያስታውሱታል። በ15 ቋንቋዎች ተሰጠ፤ እ.ኤ.አ. በ1980 ዓለም አቀፍ ሽልማትም አገኘ። ለጎጃም ገበሬ ከሥራ በኋላ ቁጭ ብሎ መማር የሚባለውን ነገር፣ ዛሬ ተከታታይ ትምህርት የምንለውን ማለት ነው፣ በስፋት ያስተዋወቀው እሱ ነው ብል የተሳሳትኩ አይመስለኝም። ግን መለኪያው ወረቀት ላይ ማንበብና መጻፍ ነበር። መቶ ሃምሳውን መዝሙረ ዳዊት በቃላቸው የሚደግሙ ዓይነ ስውር አዛውንት በዚያ መለኪያ መሃይም ናቸው።

ከአማራ ክልል ወጥታ ይህን ረጅም መንገድ የሄደች አንዲት ሴት ሁላችሁም ታውቃላችሁ። የትነበርሽ ንጉሤ ወሎ ተወልዳ በአምስት ዓመቷ ዓይኗን አጣች። ሻሸመኔ በሚገኘው የካቶሊክ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ተማረች፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕግ አጠናች፤ በ2010 ዓ.ም. «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበለች። ዓይነ ስውርነቷ ከልጅነት ጋብቻ እንዳተረፋት ደጋግማ ተናግራለች። ታሪኳ ያኮራል። ግን ከወሎ ሻሸመኔ መሄድ ለትምህርት የተጠየቀ ዋጋ መሆኑን አንርሳ። ዋጋውን መክፈል ያልቻለ ቤተሰብ ልጁን ምን አደረገው?

ከስምንተኛ ክፍል በኋላ

የምዕራብ ጎጃም ገጠር ልጅ አንደኛ ደረጃን ቀበሌው ውስጥ ይማራል። ሁለተኛ ደረጃ ከሆነ ብዙው ከተማ መውጣት አለበት፤ ፍኖተ ሰላም፣ ቡሬ፣ ጅጋ፣ ደምበጫ፣ ወይም የፍቅር እስከ መቃብሩ የበዛብህ አገር ማንኩሳ። ሁለት ሦስት ሆነው ቤት ይከራያሉ፤ ቅዳሜ አገር ቤት ሄደው ስንቅ ይዘው ይመለሳሉ። እንጀራ፣ ድርቆሽ፣ ቆሎ፣ በርበሬና ሽሮ። ይህን ሕይወት ያየ ሰው የቆሎ ተማሪውን ዘመን ያለፈ ታሪክ ነው አይልም።

አሁን እግሩ የማይታዘዝለትን ልጅ እዚህ ውስጥ አስገቡት። በክረምት ጭቃ ስንቁን ማን ይሸከምለታል? ዓይነ ስውሯ ልጅ ብቻዋን ተከራይታ ስትኖር ወላጆቿ ሌሊቱን ምን እያሰቡ ያድራሉ? አባት ሁለት ልጅ ከተማ ለመላክ አቅም የለውም፤ አንዱን መምረጥ አለበት። ያ ምርጫ የሚደረገው ማታ እሳት ዳር ነው፤ ስታቲስቲክስ ውስጥ አይገባም። ክፋት አይደለም፤ ስሌት ነው። ስሌቱ የሚለወጠው ደግሞ ወጪው ሲለወጥ ነው።

ከዚያ በላይ ሲወጣ አማራጩ በዝቷል። ፍኖተ ሰላም የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ አላት፤ ቡሬ ላይ የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ግቢ አለ፤ የቴክኒክና ሙያ ተቋማት በየከተማው አሉ። የማታ፣ የቅዳሜና እሑድ፣ የክረምት መርሐ ግብር የተለመደ ሆኗል። ለብዙ አካል ጉዳተኛ ወጣት የሚሆነው ደግሞ ይኸው ነው፤ ትምህርቱን ዘግይቶ ጀምሯል፣ ወይም እየሠራ ነው የሚማረው። እዚህ ላይ ግን የማታ ትምህርትን አስቡት። መብራት ሲጠፋ ዓይነ ስውሩ ተማሪ ምንም አይሆንም፤ መምህሩ ከቀጠሉ እሱም ይቀጥላል። በምልክት ቋንቋ የምትማረዋ ልጅ ግን በዚያች ሰከንድ ክፍሉ ተዘጋባት።

ሕጉ ጎድሎ ነው? አይደለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 አካል ጉዳተኞችን ለመደገፍ መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን ሀብት እንደሚመድብ ይናገራል። አዋጅ 568/2000 የሥራ ስምሪት መብታቸውን ደነገገ። የ2001 ዓ.ም. የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 የሕዝብ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች ምቹ እንዲሆኑ አዘዘ። በ2002 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ያጸደቀችው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት በአንቀጽ 24 ከፍተኛ ትምህርትን፣ የሙያ ሥልጠናን፣ የጎልማሶች ትምህርትንና የዕድሜ ልክ ትምህርትን በስም ጠርቶ ያለ አድልዎ ይሰጥ ይላል።

ሰዎቹን መቁጠር ግን አልቻልንበትም። የ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ አካል ጉዳተኞችን ከሕዝቡ 1 በመቶ ገደማ አድርጎ አወጣ። ከአራት ዓመት በኋላ የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ባንክ ባወጡት ሪፖርት የዓለም ግምት 15 በመቶ ገደማ ነበር። ኢትዮጵያ ከዓለም ተለይታ ጤነኛ ሆና አይደለም። የቤቱ አባወራ «አካል ጉዳተኛ አለ?» ተብሎ ሲጠየቅ የሚመልሰውና «ለማየት፣ ለመስማት፣ ለመራመድ የሚቸገር ሰው አለ?» ሲባል የሚመልሰው አንድ አይደለም። እንደገና ጉዳዩ የጥያቄው አቀራረብ ነው።

አንድ ሌላም አለ፣ እንደ መሐንዲስ የሚያመኝ። ማየት የተሳናቸው ተማሪዎች ለዓመታት በብሔራዊ ፈተና ሒሳብ እንዳይፈተኑ ሲደረግ ኖሯል። ሐሳቡ ደግ ነው፤ ሥዕልና ግራፍ በማያይ ልጅ ላይ አንፍረድ ነው። ውጤቱ ግን ምህንድስናም ኮምፒውተር ሳይንስም ገና ሳይሞከር ከእጁ ወጣ ማለት ነው። ዓይነ ስውር ተማሪ ሕግ፣ ታሪክ፣ ቋንቋ ሲያጠና የምናየው ዝንባሌው ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ የተተወለት በር እሱ ስለሆነም ነው።

ስክሪን

የእኔ ትውልድ ፕላዝማን ያስታውሳል። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በሳተላይት በቴሌቪዥን መምጣት ጀመረ። መምህሩ ከስክሪኑ ውስጥ በእንግሊዝኛ ይናገራል፤ አቁም አይባል፣ ድገም አይባል። ዓይነ ስውሩ «እዚህ ሥዕል ላይ እንደምታዩት» የሚለውን ይሰማል፤ መስማት የተሳናት ልጅ የሚንቀሳቀስ ከንፈር ታያለች። ሁለቱም እዚያው ክፍል ውስጥ፣ እኩል ውጭ።

ቀጥሎ የመጣው ኮምፒውተር ግን ከቀደሙት ሁሉ ይለያል። አንድ ጽሑፍ በትክክል ከተቀመጠ ማሽኑ ለአንዱ በድምፅ ያነበዋል፣ ለሌላው በጽሑፍ ያሳየዋል፣ ለሦስተኛው በብሬል ያትመዋል። ቅኔ ቤትም ዘመናዊ ትምህርት ቤትም አንዱን ሲያስገቡ ሌላውን የሚያስወጡ በሮች ነበሩ፤ ይህኛው ሁሉንም ማስገባት ይችላል። «በትክክል ከተቀመጠ» ባልኩት ላይ ነው ችግሩ።

ዩኒቨርሲቲ እያለሁ ለአንድ ዓይነ ስውር ተማሪ ሃንድአውት አነብ ነበር። ስልኩን ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጣል፣ እኔ አነባለሁ፣ እሱ ይቀዳል። ገጽ ስዘል ያውቅብኛል፤ «ቆይ፣ ይሄ ከላይኛው ጋር አይገጥምም» ይለኛል። የቅኔ ቤት ጆሮ የነበረው ሰው ነው። ላፕቶፕ ነበረው፤ የስክሪን ሪደርም ነበረው። ታዲያ ለምን እኔ አስፈለግሁ? ሃንድአውቶቹ ፎቶ ስለነበሩ ነው። ሰው ያያቸዋል እንጂ ማሽኑ ውስጥ አንድም ፊደል የለም። እንዲህ ሞክሩት፦ ፒዲኤፉን ክፈቱና ጽሑፉን በማውስ ለመምረጥ ሞክሩ። መምረጥ ካልቻላችሁ ስክሪን ሪደርም ማንበብ አይችልም።

ሁለተኛው በሽታ የድሮ ፎንት ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት የአማርኛ ሶፍትዌሮች በላቲን ፊደሎች ቦታ ላይ የአማርኛን መልክ ያስቀምጡ ነበር። ለዓይን «ሰላም» ይታያል፤ ማሽኑ ግን ውስጡ የሚያውቀው የተዘበራረቀ የእንግሊዝኛ ፊደል ነው። ስክሪን ሪደሩ ደግሞ የሚያነበው ውስጡን ነው። ዛሬም በእነዚያ ፎንቶች የተጻፈ ሞጁል ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። ሦስተኛው የእኛ የሶፍትዌር ሠሪዎቹ ሥራ ነው። ስም ያልተሰጠው ቁልፍ ስክሪን ሪደር ላይ «ባተን፣ ባተን፣ ባተን» እያለ ይጮኻል። የቱ ነው መዝጋቢው? የቱ ነው ሰራዡ? የምዝገባው ገጽ መጨረሻ ላይ ደግሞ «ሮቦት አለመሆንዎን ያረጋግጡ» ብሎ የተጣመመ ሥዕል ያመጣል።

መሣሪያው ውድ ስለሆነ ነው እንዳይባል ኤንቪዲኤ የተባለው ስክሪን ሪደር ነፃ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 የጀመሩት ሁለት ዓይነ ስውር አውስትራሊያውያን ናቸው። አብሮት የሚሠራው ኢስፒክ የተባለ የንባብ ድምፅ አማርኛም ይሞክራል፤ እንደ ሮቦት ነው የሚያነበው፣ ግን ያነባል። ኢትዮጵያ በ2013 ዓ.ም. የገባችበት የማራካሽ ስምምነት ደግሞ መጻሕፍትን ለዓይነ ስውራን በሚነበብ መልክ መቀየርን ከቅጂ መብት ክልከላ ነፃ ያደርጋል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋን በዲግሪ ያስተምራል፤ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ከካናዳው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲና ከማስተርካርድ ፋውንዴሽን ጋር አካል ጉዳተኛ ወጣቶች ላይ ያተኮረ የትምህርት ዕድል ይሰጣል።

ደግሞ ያለንበትን አንርሳ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ አማራ ክልል ጦርነት ውስጥ ነው። ብዙ ትምህርት ቤት ተዘግቷል፤ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ጠፍቶ ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ «ሁሉም ኦንላይን ነው» ማለት ለፍኖተ ሰላም ልጅ ፌዝ ይመስላል። ስለዚህ እኔና እናንተ የምንሠራው ነገር ያለ ኔትወርክ መሥራት አለበት። በዩኒኮድ የተጻፈ አንድ ሙሉ ሞጁል ሜሞሪ ካርድ ላይ ከአንድ ዘፈን ያነሰ ቦታ ነው የሚይዘው። ያው ሞጁል በድምፅ ተቀድቶ ከስልክ ወደ ስልክ ሊዞር ይችላል፤ እንደ ቃል ትምህርት፣ ከአፍ ወደ ጆሮ። ለመስማት ለተሳናቸው ደግሞ በምልክት ቋንቋ የተቀረጸ አጭር ቪዲዮ ከጎኑ ይቀመጣል። ይህ ትልቅ በጀት አይጠይቅም። ሞጁሉን የሚተይበው ሰው ፎንቱን እንዲቀይር፣ ስካን የሚያደርገው ሰው ዋናውን ፋይል እንዲልክ፣ ገጹን የሚሠራው ልጅ ለቁልፎቹ ስም እንዲሰጥ ነው የሚጠይቀው።

እማሆይ ገላነሽ ዛሬ ለተከታታይ ትምህርት ሊመዘገቡ ቢመጡ፣ ገጻችንን ከፍተን «ይሙሉ» ብንላቸው የት ላይ ይቆማሉ? ኮድ የምትጽፉ ካላችሁ ዛሬ ማታ ስክሪናችሁን አጥፉና የራሳችሁን ፎርም በኪቦርድና በስክሪን ሪደር ብቻ ሞልታችሁ ለመላክ ሞክሩ። «ዕውር ምን ትሻለህ? ብርሃን» ይላል ተረቱ። እኔ ያነበብኩለት ተማሪ ግን ስለ ብርሃን አንድም ቀን አንስቶብኝ አያውቅም። የሚጠይቀው አንድ ነገር ነበር፦ «ወርዱን ላክልኝ፤ ፎቶውን አይደለም»።